በቂያማ ቀን ደቦ የለም



ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ኢማሙ አሰላምተው ሰዉ ገና መነሳት ሲጀምር ከመስጊዱ በር በኩል «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ብዙዎቻችን ሱናውን እንኳ ሳንሰግድ በባዶ እግራችን ሮጠን ወጣን። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ የሰው ጫማ በፌስታል ከትቶ ሊወጣ ሲል ተይዟል። እኛ ስንደርስ መሬት ላይ ወድቋል። የመጀመሪያውን ጥፊ ማን እንደሰነዘረ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቆጠረም።

ልጁ ጫማውን ወስዷል። ይህን አንክድም። «ንጹሕ ሰው በስህተት ተደበደበ» ብለን አንጀታችሁን ልንበላ አይደለም የምንጽፈው። ሰርቋል፤ ጫማውም እጁ ላይ ተገኝቷል። ግን ከዚያ ግርግር የማንረሳው አንድ ድምፅ አለ። የጫማው ባለቤት አንድ አዛውንት ናቸው። ከዳር ቆመው፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው «ተዉት ልጆቼ! ለአላህ ብዬ ትቼለታለሁ! ተዉት!» ይላሉ። የተበደሉት እሳቸው ነበሩ። የሰማቸው ግን አልነበረም።

ከእኛ መካከል የመታ አለ። «በለው!» ያለ አለ። ስልኩን አውጥቶ የቀረጸ አለ። ከሁሉም የሚበዛው ቆሞ ያየው ነው። በመጨረሻ የመስጊዱ ዘበኛና በር ላይ ሚስዋክ የሚሸጥ አንድ ሰው ልጁን በሰውነታቸው ከልለው አወጡት፤ በባጃጅም ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። እኛም ጫማችንን ፈልገን አድርገን ወደ ምሳችን ሄድን። ከዚያ ወዲህ አንድ ጆሮው በደንብ እንደማይሰማ ከሰፈሩ ሰዎች የነገሩን ቆይቶ ነው። እውነት ለመናገር ያ ምሳ እስካሁን አልወረደልንም።

ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ልንመክር ሳይሆን ራሳችንን ልንመረምር ነው የተነሳነው።

ደቦ እንዴት ስሙ ጠፋ?

ደቦ በአገራችን የተከበረ ነገር ነው። አዝመራው ደርሶ የሰው ጉልበት ያነሰው ገበሬ ጎረቤቶቹን ይጠራል። ጠሪው ይታወቃል፤ ሥራው ይታወቃል፤ ነገ ተራው የማን እንደሆነም ይታወቃል። «የደቦ ፍርድ» በምንለው ነገር ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም። ማን ጠራን? አይታወቅም። ማን ፈረደ? አይታወቅም። ነገ ማን ይጠየቃል? ማንም። እውነተኛው ደቦ የሥራን ሸክም ያቀላል፤ ይኛው የሚያቀለው የኅሊናን ሸክም ነው። «እኔ እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት» እንላለን። ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲመታ ምን እንደሚሆን ግን ማናችንም አናሰላም።

የሶፍዋን ኩታ

የሚገርመው፣ እኛ ያጋጠመን ዓይነት ነገር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም አጋጥሟል። አቡ ዳዉድና ነሳኢ ከዘገቧቸው ሐዲሶች አንዱ የሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ታሪክ ነው። ሶፍዋን (ረ.ዐ) መስጊድ ውስጥ ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው ኩታውን ሰረቀው። ሶፍዋን ሌባውን ራሱ ያዘው። ልብ በሉ፤ የተሰረቀው እሱ ነው፤ ሌባው በእጁ ነው፤ ቦታውም የአላህ ቤት ነው። ግን አልደበደበውም፤ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሰደው። የስርቆት ቅጣት እንዲፈጸምበት በታዘዘ ጊዜ ሶፍዋን ደነገጠ፤ «ይህን ፈልጌ አልነበረም፤ ኩታውን ሰደቃ አድርጌለታለሁ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ይቅርታ ወደ እሳቸው ከማምጣቱ በፊት ሊያደርገው ይችል እንደነበር ነገሩት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት በሮች እንማራለን። አንደኛው የይቅርታ በር ነው፤ ቁልፉ በተበዳዩ እጅ ነው። ሁለተኛው የፍርድ በር ነው፤ ቁልፉ በዳኛ እጅ ነው። በሁለቱ መካከል ለሚያልፍ ሰው የተሰጠ ሦስተኛ ቁልፍ የለም። እኛ በዚያ ጁምዓ ሁለቱንም በሮች ዘጋን። ዳኛውን ፍርዱን ነጠቅነው። አዛውንቱን ደግሞ ይቅርታቸውን፣ ከአላህ ዘንድ የሚጠብቁትን አጅር ሳይቀር፣ ልንነጥቃቸው ሞከርን። ልጁ የወሰደው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። እኛ የወሰድነው ይበልጣል።

«ሙንከርን በእጅ መለወጥስ?»

ይህን ስንል የሚነሳውን ጥያቄ እናውቀዋለን። «ሙንከር ያየ ሰው በእጁ እንዲለውጥ፣ ካልቻለ በምላሱ፣ ካልቻለ በልቡ እንዲጠላ የሚያዝ ሐዲስ የለም ወይ?» አለ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ግን ሐዲሱ የሚያዘው መለወጥን እንጂ መቅጣትን አይደለም። የሚሮጠውን ሌባ የያዘች እጅ ሙንከርን ለውጣለች። ጫማውን ተቀብላ ለባለቤቱ የመለሰች እጅም እንዲሁ። ሙንከሩ እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ የሚሰነዘረው የመጀመሪያው ርግጫ አሮጌውን ሙንከር አይለውጥም፤ አዲስ ሙንከር ይጀምራል። ዑለማዎችም ሙንከርን ማስቆም ከእሱ የባሰ ሙንከር የሚያመጣ ከሆነ ክልክል መሆኑን፣ ሐድን መፈጸም ደግሞ የሥልጣን ባለቤት ድርሻ እንጂ የተራ ሰው ድርሻ አለመሆኑን አስተምረዋል። ጩቤ መዝዞ የመጣብህን ሰው መከላከል ሌላ ነገር ነው፤ ሸሪዓም ሕግም ይፈቅዱልሃል። መከላከል ግን አደጋው ሲቆም አብሮ ይቆማል። ጩቤው ከወደቀና እጁ ከታሰረ በኋላ መምታት መከላከል አይባልም።

«ደሜ ፈልቶ እንዴት ልታገስ?» የሚልም አለ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ከዚህ የከበደውን ጠይቀዋል። አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ሌላ ወንድ ቢያገኝ አራት ምስክር እስኪያመጣ ይታገሣል ወይ? አሉ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልስ «አዎን» የሚል ነበር። የሰዕድን ቅናት አልናቁም፤ እንዲያውም እሳቸው ከሰዕድ በላይ ቀናተኛ እንደሆኑ፣ አላህ ደግሞ ከእሳቸውም በላይ እንደሆነ ተናግረዋል። ቁጣ ትክክል ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ቁጣ ግን ሰውን ዳኛ አያደርግም። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዓይኑ ላየ ሰው ይህ ካልተፈቀደ፣ ጩኸት ሰምቶ ከሶላት ለሮጠ ሰው ከየት ይፈቀድለታል?

ከኬፕታውን የመጣ ትምህርት

«እኛ እኮ ሰፈራችንን ለማጽዳት ነው» ለምንል ወጣቶች ከደቡብ አፍሪካ የሚነገር ታሪክ አለ። የኬፕታውን ሙስሊሞች ታሪክ ነው።

የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. ዲስትሪክት ሲክስ የተባለውን የድሮ ሰፈር የነጮች ብቻ ብሎ አወጀ። ከ60,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው ነፋሻ ሜዳ ተጣሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፤ ሥራ ጠፋ፤ በቦታው የወሮበላ ቡድኖች በቀሉ። አፓርታይድ ሲወድቅም አደንዛዥ ዕፁ አልወደቀም። እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ፤ ፖሊስ ቢጠሩት አይመጣም፤ ከመጣም አንዳንዱ ከወሮበሎቹ ጋር የሚበላ ነበር። በዚህ ጊዜ ፓጋድ የተባለ እንቅስቃሴ ተነሳ። የስሙ ትርጉም «ሕዝብ በወሮበሎችና በአደንዛዥ ዕፅ ላይ» እንደማለት ነው። አብዛኛው አባል ሙስሊም ሲሆን መነሻውም እውነተኛ በደል ነበር። እዚያ ብንኖር ብዙዎቻችን አብረን እንወጣ ነበር ብንል አልዋሸንም።

ኦገስት 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ሰልፈኞቹ ከጌትስቪል መስጊድ ተነስተው ሶልት ሪቨር ወደሚገኘው ወደ ስታጊ መንታ ወንድማማቾች ቤት ሄዱ። ወንድማማቾቹ «ሃርድ ሊቪንግስ» የተባለው የወሮበሎች ቡድን መሪዎች ነበሩ። ከመንታዎቹ አንዱ፣ ራሻድ፣ በመኪናው እዚያው ደረሰ። ፖሊሶች ቆመው፣ የቴሌቪዥን ካሜራዎች እየቀረጹ፣ በጥይት ተመታ፤ በእሳትም ተቃጠለ። ሰውዬው ንጹሕ አልነበረም፤ እንደ እኛ ጫማ ሌባ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የታወቀ። በዚያ ሌሊት ብዙ ሰው «አንድ ወሮበላ ቀነሰ» ብሎ እፎይ ብሎ ይሆናል።

ግን አልቀነሰም። ወሮበሎቹ አጸፋውን መለሱ፤ ሰፈሮቹ በተኩስና በቱቦ ቦምብ ተናወጡ። ቀጥሎ ጠመንጃው ወደ ሌላ መዞር ጀመረ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትና አካሄዱን የተቹት ሙስሊም ምሁር ኢብራሂም ሙሳ በ1998 ቤታቸው በቦምብ ተመታ፤ ከዚያ በኋላ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 25 በወደቡ አካባቢ በሚገኝ ፕላኔት ሆሊውድ በተባለ ምግብ ቤት ቦምብ ፈንድቶ 2 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ጣቱን በፓጋድ ላይ ጠቆመ፤ ፓጋድ አስተባበለ። በሴፕቴምበር 2000 ደግሞ ከፓጋድ አባላት ጋር የተያያዙ መዝገቦችን ይመለከት የነበረ ዳኛ በጥይት ተገደለ። በ2002 የእንቅስቃሴው መሪ በሕዝባዊ ሁከት ጥፋተኛ ተብሎ 7 ዓመት ተፈረደበት።

ወሮበሎቹስ? ሁለተኛው መንታ ወንድም በሌሎች ሰዎች ጥይት የሞተው በዲሴምበር 2019 ነው። በዚያው ዓመት የወሮበሎቹ ግድያ ከመብዛቱ የተነሳ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጦር ሠራዊቱን ኬፕ ፍላትስ ውስጥ አሰማርቶ ነበር። ከዚያች የሶልት ሪቨር ሌሊት በኋላ 23 ዓመት ማለት ነው። አንድ ሰው ተቃጠለ፤ ስንት ሰው ተከተለው፤ ዕፁ ግን እዚያው ነው። በመሀል የጠፋው የዚያ ማኅበረሰብ ስም ነው። በደል ደርሶበት የተነሳ ሕዝብ፣ የበደሉ ታሪክ ተረስቶ በቦምብ ብቻ ሲጠራ ኖረ።

በእኛስ አገር?

ኬፕታውን ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ ቅርባችን እንመለስ። በ2010 ዓ.ም ነሐሴ ወር ሻሸመኔ ላይ፣ ለደስታ በወጣ ሕዝብ መካከል፣ «ቦምብ ይዟል» የሚል ወሬ በአንድ ሰው ላይ ተነሳ። ሰውዬው ተገድሎ ተሰቀለ፤ ምስሉም አገር አዳረሰ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም ጥቅምት፣ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ለጤና ጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» ተባለባቸው። ሁለቱ ተገደሉ። ሊያገለግሉት በሄዱት ሕዝብ እጅ ማለት ነው። አንዱ ቦታ ደቡብ፣ ሌላው ሰሜን፤ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የተለያየ። የሚያመሳስላቸው ያልተጣራ ወሬና ማንም ባለቤት ያልሆነለት ፍርድ ብቻ ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ጸጸቱ በኋላ መምጣቱ እንደማይቀር ፈጣሪያችን አስቀድሞ ነግሮናል።

ደግሞ እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳ ይገባን ነበር። በ2004 ዓ.ም «ድምፃችን ይሰማ» ብለን ስንነሳ በየጁምዓው በሺዎች ወጥተን ድንጋይ ሳንወረውር እንመለስ ነበር። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታስረው በ2007 ዓ.ም እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው የጮኽነው ምን ብለን ነበር? «ፍትሐዊ ፍርድ!» ብለን አይደለም? «ማስረጃው የታለ?» ብለን አይደለም? ለወንድሞቻችን የጠየቅነውን ፍርድ ለጫማ ሌባው ከከለከልነው፣ ያኔ የጠየቅነው ፍትሕን ሳይሆን ለእኛ ሰው ብቻ ማዳላትን ነበር ማለት ነው። የሱረቱል ማኢዳ ትእዛዝም ሰዎችን መጥላታችን ፍትሕን ከማድረግ እንዳያግደን ነው።

በስልክ የሚደረገው ደቦ

አንዳንዶቻችን «እኔ እጄን አላነሳሁም» እንላለን። ስልካችንንስ? የአንድ ሰው ፎቶ ይለጠፋል፤ «ይህ ሰው ሌባ ነው፣ ሼር አድርጉት» ይባላል። እናደርጋለን። ማን ለጠፈው? ለምን? ምናልባት የገንዘብ ጠብ ይሆን? የፍቺ ቂም ይሆን? አንጠይቅም። ልጥፉ ነገ ቢጠፋ ያ ሰው ግን በሰፈሩ «ሌባ» ሆኖ ይኖራል፤ እናቱ ወደ ገበያ ስትወጣ አንገቷን ትደፋለች። የዚያን የጁምዓ ልጅ ቪዲዮ የቀረጸው ወንድማችን ሲያጠፋው አራት መቶ ሰው አይቶት ነበር። ጆሮው በጤና ጣቢያ ሊታከም ይችል ይሆናል። ያንን ቪዲዮ ከሰው አእምሮ የሚያወጣ ሐኪም ግን የለም።

«ፖሊስ ምን ያደርጋል?»

ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ አናጣጥለውም። ጣቢያ ሄደህ ቃል ትሰጣለህ፤ ተመለስ ትባላለህ፤ ትመለሳለህ። በሳምንቱ የያዝከው ሌባ መንገድ ላይ አግኝቶህ ይስቅብሃል። ሰው የሚመታው አንዳንዴ ሌባውን ብቻ አይደለም፤ ያልሰራለትን ቢሮ ሁሉ በዚያ ልጅ ጀርባ ላይ ነው የሚመታው። ግን ልጁ ቢሮው አይደለም። ደግሞ ሕግ ደካማ ሲሆን የደቦ ፍርድ አያጠነክረውም፤ ይተካዋል እንጂ። ከተካው በኋላ ነገ አንተን «ሌባ» የሚልህ ጠላት ሲነሳ የምትሸሸግበት ጥላ አይኖርህም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በሰፈራችን መስጊድ ከተነጋገርንበት ጥቂቱን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ መያዝ ይፈቀዳል፤ ሕጋችንም ይዞ ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብን ይፈቅዳል። ለዚህ ሦስትና አራት ሰው ይበቃል። የቀረነው ሰው ደግሞ ክቡን ወደ ውጭ ዞረን እንቁም፤ ልጁን ከሌላው እንከልል። ከመቶ ሰው መካከል «ተው!» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። አስቸጋሪው የመጀመሪያው መሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ወዲያው «የተበዳዩ ማነው?» ብለን እንጠይቅ። እሱ ይናገር። ይቅር ካለ ይቅርታው ይከበር፤ ከከሰሰም አብረነው ጣቢያ እንሂድ።

ሦስተኛ፣ ምስክር እንሁን። ለመደብደብ ሃምሳ ሆነን፣ ለመመስከር ግን ፍርድ ቤት አንድ ሰው ሲጠፋ እንታያለን። ብዙ ሌባ የሚለቀቀው ምስክር ስለሚቀር ነው። ቀጠሮ ተከታትሎ ሄዶ ያየውን ብቻ መናገር ከርግጫ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌባን በሕግ የሚያስቀጣው ግን እሱ ነው።

አራተኛ፣ በሩን እንዝጋ። የጫማ መደርደሪያ በቁጥር ይሁን፤ በጁምዓ ቀን ተራ ገብተን እንጠብቅ። ደግሞም ያ ልጅ ለምን የሰው ጫማ እንደሚሸጥ የጠየቀ ማን ነው? የዘካችን ድርሻ ለማን እንደሚሄድ ኮሚቴዎቻችንን እንጠይቅ። ይህ ስርቆትን ሐላል አያደርግም። ግን ረሃቡን የምናውቀው ልጅ ሌባ ሆኖ ሲመጣ ብቻ ከሆነ እኛም የምንመልሰው ጥያቄ አለን።

በመጨረሻ

ቡኻሪ የዘገቡት አንድ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ፍርድ አለ። ሰዎች ተባብረው አንድ ልጅ ገደሉ። ብዙ ስለሆኑ ተጠያቂነቱ የሚከፋፈል መስሏቸው ሊሆን ይችላል። ዑመር ግን የሰንዓ ሕዝብ በሙሉ በግድያው ቢተባበር ኖሮ ሁሉንም በዚያ አንድ ልጅ ደም እንደሚቀጡ ተናገሩ። አብዛኞቹ ፉቀሃዎችም በዚህ ላይ ተመሥርተው የተባባሪ ብዛት ደምን እንደማያቀል ፈርደዋል። ዱንያ ላይ ሃምሳ ሆነን ስንመታ ጥፋቱ ለሃምሳ የተካፈለ ይመስለናል። በአላህ ዘንድ ግን አይካፈልም፤ እያንዳንዳችን ሙሉውን ይዘን እንቀርባለን።

በዚያ ቀን «ሁሉም ሲመታ ነው የመታሁት» የምንለው «ሁሉም» አጠገባችን አይኖርም። እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚጠየቀው። ልጁ ስለ ጫማው ይጠየቃል፤ እኛ ስለ ጆሮው። አዛውንቱ ደግሞ ያኔም «ትቼለታለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ የሳቸው ሐቅ ነውና። ልጁ ለእኛ «ትቼላቸዋለሁ» ይበለን አይበለን ግን አናውቅም።

ስለዚህ ቂያማ ሳይደርስ ፈልገን ልናገኘው ወስነናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንሻአላህ ወደ ሰፈሩ እንሄዳለን፤ አዛውንቱም «አብሬያችሁ እሄዳለሁ» ብለዋል። መታከሚያውን እንሸፍናለን፤ አውፍ በለን እንለዋለን። አውፍ ላይለን ይችላል። ይህም ሐቁ ነው።

አላህ እጃችንን ከዙልም፣ ምላሳችንን ከሐሰት ወሬ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።